የሰሜን ኢዝሊንግተን የምርጫ ክልል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በለንደን የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችና የብሪታንያን ፖለቲካ ከሩቅ የሚከታተሉ አንባቢዎች ስለዚህ የምርጫ ክልል አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰሜን ኢዝሊንግተን የት ይገኛል?

ከመሀል ለንደን በስተሰሜን፣ በኢዝሊንግተን ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ሃይበሪን፣ ፊንዝበሪ ፓርክን፣ ላይኛውን ሃሎዌይን፣ ታፍኔል ፓርክንና አርችዌይን ያቅፋል፤ የክፍለ ከተማው ደቡባዊ ክፍል ደግሞ በሌላ ተወካይ የሚወከል ሌላ የምርጫ ክልል ነው። ሰሜን ኢዝሊንግተን ለብዙ ዓመታት በቆዳ ስፋት ከ650ዎቹ የብሪታንያ የምርጫ ክልሎች ሁሉ ትንሹ የነበረ ሲሆን ስፋቱም 7.35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከአርችዌይ ተነስቶ የሃሎዌይን ጎዳና ቁልቁል ይዞ እስከ ሃይበሪ ኮርነር በእግር ለሚሄድ ሰው መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳን አይፈጅበትም። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ አንባቢ የአካባቢውን ስም አስቀድሞ ሳያውቀው አይቀርም፤ ክለቡ ከ1913 እስከ 2006 የተጫወተበት የሃይበሪ ስታዲየም የቆመው በዚሁ ክልል ውስጥ ነበር።

መቼ ተቋቋመ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታትስ እነማን ወከሉት?

የተቋቋመው በ1885 ነው። ከዚያ በፊት ኢዝሊንግተን ፊንዝበሪ በሚባል ሰፊ የምርጫ ክልል ውስጥ ተጠቃልሎ ነበር። በ1885 የወጣው የመቀመጫ ድልድል ሕግ ትልልቆቹን የከተማ ክልሎች እያንዳንዳቸው አንድ ተወካይ ወደሚልኩ ትናንሽ ክልሎች ሲከፋፍል፣ ኢዝሊንግተንም ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለአራት ተከፈለ። ምሥራቁና ምዕራቡ ኋላ በተደረጉ ድልድሎች ጠፍተዋል፤ ሰሜኑ ግን ወሰኑ ቢለዋወጥም ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ዛሬ ክልሉን የግራ ፖለቲካ መናኸሪያ አድርጎ የሚያውቅ ሰው የመነሻ ታሪኩን ሲሰማ ሊገረም ይችላል። የመጀመሪያው ተወካይ ጆርጅ ባርትሊ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ሰው ነበሩ። ድሃው ሕዝብ በሳንቲም ደረጃ እንዲቆጥብ ታስቦ የተከፈተውን ብሔራዊ የፔኒ ባንክ ያቋቋሙት እሳቸው ሲሆኑ፣ ወንበሩን እስከ 1906 ይዘውታል። በዚያ ዓመት ሊበራሎች በመላ አገሪቱ ሲያሸንፉ ዴቪድ ዋተርሎው ተኳቸው፤ በታኅሣሥ 1910 ደግሞ ጆርጅ ቱሽ ወንበሩን ለኮንሰርቫቲቭ መለሱት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተቀመጡበት አንዱ ሰር ኒውተን ሙር በአውስትራሊያ የምዕራብ አውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ሌበር ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1929 ነው፤ ይሁንና ከሁለት ዓመት በኋላ ተነጠቀ።

ሌበር ክልሉን አጥብቆ የያዘው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከ1937 ጀምሮ ነው። የኮንሰርቫቲቩ ተወካይ በማረፋቸው በተካሄደው የማሟያ ምርጫ የሌበሩ ዕጩ ዶክተር ሌስሊ ሄደን ገስት አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 በተደረገ በማንኛውም ጠቅላላም ሆነ የማሟያ ምርጫ ከሌበር በቀር በዚህ ክልል ያሸነፈ ፓርቲ የለም። ተወካዮች ግን ይፈራረቁ ነበር። በ1951 የተመረጡት ዊልፍሬድ ፊንበርግ በ1958 በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ የተኳቸው ጄሪ ሬይኖልድስም በ1969 በሥራ ላይ ሳሉ አረፉ። በዚያው ዓመት በማሟያ ምርጫ የገቡት ማይክል ኦሃሎራን በአየርላንድ የተወለዱ ሲሆኑ፣ በአርችዌይና በሃሎዌይ በርከት ብሎ ይኖር ከነበረው የአየርላንድ ማኅበረሰብ ጋር የጠበቀ ትስስር ነበራቸው።

በ1983 የተካሄደው ምርጫ ለምን ደጋግሞ ይነሣል?

የዛሬው የክልሉ መልክ የተቀረጸው በዚያ ምርጫ ስለሆነ ነው። በ1981 ከሌበር የተገነጠሉ ፖለቲከኞች ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲን ሲመሠርቱ ኢዝሊንግተን በብሪታንያ ከሁሉ በላይ ከተናወጡት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። የክፍለ ከተማው ሦስት የፓርላማ አባላት አንድ በአንድ ሌበርን ለቀቁ፤ ከምክር ቤት አባላትም በርካቶች ተከተሏቸው። መራጩ ግን አልተከተላቸውም። በ1982 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ሌበር ከ52ቱ የክፍለ ከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 51ዱን ወሰደ።

በ1983 የክልሎች ወሰን እንደገና ሲሠመር ማዕከላዊ ኢዝሊንግተን የሚባለው ክልል ተሰረዘና ሰሜኑ ሰፋ። በዚህም ምክንያት ሁለት የቀድሞ ተወካዮች ለአንድ ወንበር ተፋጠጡ። ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የማዕከላዊውን ተወካይ ጆን ግራንትን አቀረበ፤ ኦሃሎራን በበኩላቸው አዲሱን ፓርቲም ትተው ለብቻቸው ቆሙ። ሌበር ያቀረበው በአጎራባቹ የሃሪንጌይ ክፍለ ከተማ የምክር ቤት አባል የነበሩትን የ34 ዓመቱን ጄረሚ ኮርቢንን ነው። ኮርቢን 14,951፣ የኮንሰርቫቲቩ ዕጩ 9,344፣ ግራንት 8,268፣ ኦሃሎራን ደግሞ 4,091 ድምፅ አገኙ። ለ14 ዓመታት ክልሉን የወከሉ ሰው የፓርቲያቸውን ስም ሲያጡ አራተኛ ወጡ ማለት ነው። ይህን ውጤት አንባቢ በአእምሮው ቢይዘው መልካም ነው፤ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የሆነውን ለመረዳት ከእሱ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

ከ1983 እስከ 2019 ውጤቱ እንዴት ተለዋወጠ?

ኮርቢን በሌበር ስም ለአሥር ተከታታይ ጊዜያት አሸንፈዋል፤ የድምፅ ልዩነቱ ግን እንደየዘመኑ ይሰፋና ይጠብ ነበር። በ1983 የነበረው ልዩነት 5,607 ሲሆን በ1997 ከ19 ሺህ በላይ ደረሰ። በ2005 የቶኒ ብሌር መንግሥት ወደ ኢራቅ ጦርነት በመግባቱ የተቆጣው መራጭ በብዙ የለንደን ክልሎች ወደ ሊበራል ዴሞክራቶች ሲያዘነብል፣ ራሳቸው ኮርቢን ጦርነቱን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ሆነው ሳለ ልዩነታቸው ወደ 6,716 ወረደ። ሰውየው ምንም ያህል ቢታወቁ በዚያ ጊዜ የፓርቲው ሸክም እሳቸውም ላይ ማረፉን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በመስከረም 2015 የሌበር መሪ ሆነው ሲመረጡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ 29,659 ድምፅ ያገኙት ኮርቢን በ2017 ወደ 40,086 ከፍ አሉ፤ ይህም ከተሰጠው ድምፅ 73 በመቶ ሲሆን የክልሉ ታሪክ የሚያውቀው ትልቁ ውጤት ነው። በ2019 ፓርቲው በአገር አቀፍ ደረጃ ከባድ ሽንፈት ሲደርስበት እንኳን በሰሜን ኢዝሊንግተን 34,603 ድምፅ፣ ማለትም 64.3 በመቶ አግኝተዋል።

ኮርቢንና ሌበር የተለያዩት በምን ምክንያት ነው?

በጥቅምት 2020 የብሪታንያ የእኩልነትና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ሌበር ፓርቲ በአይሁዳውያን አባላቱ ላይ ለደረሰ ሕገ ወጥ ትንኮሳና አድልዎ ተጠያቂ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ የሸፈነው ጊዜ በአብዛኛው ኮርቢን መሪ የነበሩበት ነው። እሳቸውም በዕለቱ በሰጡት መግለጫ ጸረ አይሁድነትን ቢያወግዙም፣ የችግሩ መጠን በፖለቲካ ምክንያት እጅግ ተጋኗል አሉ። ፓርቲው በዚህ ንግግራቸው ወዲያውኑ አገዳቸው፤ ከሳምንታት በኋላ አባልነታቸው ቢመለስም አዲሱ መሪ ኪር ስታርመር ወደ ፓርቲው የፓርላማ ቡድን እንዳይመለሱ ከለከሉ። በመጋቢት 2023 የፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ኮርቢን የሌበር ዕጩ እንዳይሆኑ ወሰነ፤ በግንቦት 2024 እሳቸው በግል እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፣ ከፓርቲውም ተባረሩ።

ይህ ጉዳይ ዛሬም በሁለቱም ወገን ሰዎችን የሚያቆስል ጉዳይ ነው። ስለ ክልሉ የሚጽፍ ሰው የአይሁዳውያኑን ቅሬታ ማቃለልም ሆነ መራጩ የወሰነውን ውሳኔ ማጣጣል አይገባውም።

በ2024 ውጤቱ ምን ሆነ?

ሐምሌ 4 ቀን በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ኮርቢን 24,120 ድምፅ፣ ማለትም 49.2 በመቶ አግኝተው በ7,247 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። የሌበር ዕጩ የነበሩት የክፍለ ከተማው ምክር ቤት አባል ፕራፉል ናርገንድ 16,873 ድምፅ አገኙ። በመላ አገሪቱ ከተመዘገበው መራጭ ድምፅ የሰጠው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ከ67 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጥቷል። ከ1937 ጀምሮ የሌበር የነበረው ወንበር ከእጁ የወጣው ፓርቲው በአገር አቀፍ ደረጃ ከ400 በላይ መቀመጫ በወሰደበት ምርጫ መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ ልዩ ያደርገዋል።

ኦሃሎራን ያልቻሉትን ኮርቢን እንዴት ቻሉት?

በእኛ እምነት ስለዚህ ክልል ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለቱም በወንበሩ ላይ ሳሉ ከሌበር ተለይተው ያንኑ ሌበርን ገጠሙት። አንዱ አራተኛ ወጡ፣ ሌላው አሸነፉ።

የመጀመሪያው ምክንያት በ1983 የኮንሰርቫቲቭ ተፎካካሪ ሁለተኛ ለመውጣት የሚያበቃ አቅም የነበረው መሆኑ ነው። የሌበር ደጋፊ ድምፁን ቢበትን ወንበሩ ለተቃራኒው ወገን ይሄዳል የሚል ስጋት ነበረው። በ2024 ግን በክልሉ ኮንሰርቫቲቭ ለወንበሩ የሚያሰጋ አልነበረም፤ ሌበርም አገሪቱን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ታውቆ ስለነበር መራጩ መንግሥት መለወጥና ተወካዩን መምረጥ የተለያዩ ጉዳዮች ሆነውለት ያለ ፍርሃት ወሰነ። ሁለተኛ፣ ኦሃሎራን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ፓርቲ ትተው የቆሙ ሲሆን ኮርቢን ግን አቋማቸውን ሳይለውጡ ፓርቲው ያስወጣቸው ሰው ሆነው ቀረቡ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው 41 ዓመት ሙሉ የተከማቸው የአካባቢ ሥራ ነው፤ በቤት ኪራይ፣ በስደተኝነት ወረቀትና በጥቅማ ጥቅም ጉዳይ ቢሯቸውን ያንኳኳ ቤተሰብ በየመንገዱ አለ። በጋዛ ጦርነት ምክንያት ሌበር ላይ የነበረው ቁጣም ድርሻ ነበረው፤ በዚያው ምርጫ ሌበር በሌስተር ደቡብና በብላክበርን በመሳሰሉ ክልሎችም በግል ዕጩዎች ተሸንፏል።

በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚታየውም ነገር ቀላል አልነበረም። የሌበር ምልክት የሆነው ጽጌረዳ ከሌላ ሰው ስም ጎን ሰፍሯል፤ ከኮርቢን ስም ጎን ግን የግል ዕጩ ምልክት መጠቀም ስለማይፈቀድለት ምንም ሥዕል አልነበረም። በልማድ ጽጌረዳውን እየፈለገ ምልክት ያደርግ የነበረ መራጭ በዚያ ቀን ስሙን ማንበብ ነበረበት። ከምርጫው በፊት በክልሉ የተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሌበር እንደሚመራ አሳይቶ ነበርና፣ ውጤቱ ብዙ ታዛቢዎችን አስገርሟል።

መራጩ ሕዝብ ምን ዓይነት ነው?

ባለጠጋውና ድሃው ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት አካባቢ ነው። በሃይበሪ ሜዳ ዙሪያ የተሰለፉት የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ተራ ሠራተኛ በዕድሜ ልክ ደመወዙ የማይገዛቸው ናቸው፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በፊንዝበሪ ፓርክ የአንዶቨርን የመሰሉ ሰፋፊ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ይገኛሉ። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው ወጣትም ቁጥሩ ብዙ ነው። ከአየርላንድና ከቆጵሮስ የመጡ ቤተሰቦች ቀድመው ሰፈሩ፤ በኋላ ሶማሌዎች፣ አልጄሪያውያን፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ተጨመሩ። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ሕዝበ ውሳኔ የኢዝሊንግተን ክፍለ ከተማ 75.2 በመቶ ድምፅ ለመቆየት ሰጥቷል።

ክልሉ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ አለ?

አለ። ከሁሉ ጎልቶ የሚታወሰው የአቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ጉዳይ ነው። የብሪታንያ ዜግነት የነበራቸው አቶ አንዳርጋቸው በሰኔ 2014 በየመን ሰንዓ አየር ማረፊያ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ሲወሰዱ፣ ለንደን የቀሩት ቤተሰቦቻቸው የደጅ ጥናቱን የጀመሩት ከአካባቢያቸው የፓርላማ ተወካይ ከኮርቢን ነበር። ኮርቢን ጉዳዩን ይዘው የተከራከሩ ሲሆን፣ በ2015 መጀመሪያ ከሌሎች የምክር ቤት አባላት ጋር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የታቀደው ጉዞ ሳይሳካ ቀርቷል። አቶ አንዳርጋቸው የተፈቱት በግንቦት 2018 ነው። የምርጫ ክልል ተወካይ የሚባለው ሰው ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቅርብ ያዩት በዚህ አጋጣሚ ነው።

ሌላም አለ። በአርችዌይ ያለው የዊቲንግተን ሆስፒታል የሚገኝበት መንገድ የመቅደላን ስም ይዟል፤ የመንገዱ ሰሌዳ ላይ «ማግዳላ አቬኑ» ይላል። ይህ ስም በብሪታንያ የታወቀው አጼ ቴዎድሮስ በ1868 ከተሠዉበት ዘመቻ ወዲህ ነው። ወደ ሆስፒታሉ ለሕክምና የሚመላለሱ አበሾች ሰሌዳውን በየዕለቱ ያልፉታል።

በዚህ ክልል የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። መምረጥ እችላለሁ?

በፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉት 18 ዓመት የሞላቸው የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ እንዲሁም በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም ቢሆን የኢትዮጵያ ዜግነቱን ብቻ የያዘ ሰው አይመርጥም። የብሪታንያ ዜግነት የወሰደ ይመርጣል፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ ይህ ውሳኔ ለብዙዎች ቀላል አይደለም፤ ማንም ሰው ሳያስብበት ሊወስነው የሚገባ ነገርም አይደለም።

መምረጥ የሚችል ሰው ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት በፊት መመዝገብ አለበት። ከ2023 ጀምሮ በእንግሊዝ በአካል ቀርቦ ለሚመርጥ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ሆኗል፤ የብሪታንያ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ተቀባይነት አላቸው፣ ምንም የሌለው ሰው ደግሞ በነጻ የሚሰጠውን የመራጭ ማረጋገጫ ወረቀት ማመልከት ይችላል። እዚህ ላይ ወገኖቻችን ልዩ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እንለምናለን። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ቦታ በአንድ መልክ፣ ሌላ ቦታ በሌላ መልክ ይሰፍራል፤ የአባትና የአያት ስምም ይቀያየራል። በመራጮች መዝገብና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ በድምፅ መስጫ ጣቢያው በር ላይ ችግር ሊፈጠር ስለሚችል ልዩነቱን አስቀድሞ ማስተካከል ይበጃል።

አሸናፊው የሚለየው እንዴት ነው?

ልክ እንደ ኢትዮጵያ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘው፣ ከግማሽ በላይ ባያገኝም፣ ያሸንፋል። ምርጫው በልማድ ሐሙስ ቀን ይውላል፤ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፍት ናቸው፤ ቆጠራውም በዚያው ሌሊት ይካሄዳል። ዕጩ ለመሆን የአሥር መራጮች ፊርማና 500 ፓውንድ ማስያዣ ያስፈልጋል፤ 5 በመቶ ድምፅ ያላገኘ ማስያዣው አይመለስለትም።

ለኮርቢን ድምፅ ያልሰጠሁ ወይም መምረጥ የማልችል ብሆን ቢሯቸው ያስተናግደኛል?

አዎን። ተወካዩ የሚወክለው በክልሉ የሚኖረውን ሁሉ ነው፤ የመረጠውን፣ ያልመረጠውንና የመምረጥ መብት የሌለውንም ይጨምራል። የሚጠየቀው አድራሻ ብቻ ነው። በሌላ ክልል የሚኖር ሰው ግን፣ ኮርቢንን በስም ስለሚያውቃቸው ብቻ ቢጽፍላቸው፣ በምክር ቤቱ ልማድ መሠረት ወደ ራሱ ተወካይ ይመራል።

ቀጣዩ ምርጫ መቼ ነው? ምንስ ይጠበቃል?

ቀደም ብሎ ካልተጠራ በስተቀር ከነሐሴ 2029 አጋማሽ ማለፍ አይችልም። መንግሥት የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዓመት ለማውረድ እንዳሰበ በሐምሌ 2025 አስታውቋል። በዚያው ወር ኮርቢን ከፓርላማ አባሏ ከዛራ ሱልታና ጋር አዲስ ፓርቲ እንደሚመሠረት ይፋ አድርገዋል። ሌበር ወንበሩን ለመመለስ ሰፊ የአካባቢ መዋቅር አለው፤ ኮርቢን ወንበሩን በለቀቁ ጊዜ የግል ድምፃቸው ወደ አዲሱ ፓርቲ፣ ወደ ሌበር ወይስ ወደ ግሪን ፓርቲ እንደሚሄድ የሚወስነው ግን በ1983 ኦሃሎራንን ትቶ በ2024 ኮርቢንን ያልተወው ያው የሃሎዌይና የፊንዝበሪ ፓርክ መራጭ ነው።